የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋዮች በእንግሊዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲልቪያ ፓንክረስትን ብዙዎቻችን የምናውቃት በኢትዮጵያ ወዳጅነቷ ነው። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር ድምፅ የሆነችን፣ በኋላም መጥታ እዚሁ ኖራ እዚሁ ያረፈች እንግሊዛዊት ናት። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የገዛ አገሯ መንግሥት ደጋግሞ ያሰራት ሴት ነበረች። ያሳሰራትም ሴቶች ይምረጡ ብላ መታገሏ ነው። እሷና የትግል ጓደኞቿ ስላሳለፉት ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤአለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄያቸው በትክክል ምን ነበር?

ወንዶች የፓርላማ አባል በሚመርጡበት ሕግ ሴቶችም ይምረጡ ነው ያሉት። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሴት ፋብሪካ ትሠራለች፣ ሱቅ ታስተዳድራለች፣ ግብር ትከፍላለች። ሕግ ብትተላለፍ እንደ ወንዱ ትታሰራለች። ሕጉን የሚያወጣላትን ሰው ግን አትመርጥም።

አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ያኔ ወንዱም ሁሉ አይመርጥም ነበር። ንብረት የሌለው ወይም በቂ የቤት ኪራይ የማይከፍል ድሃ ወንድ ከምርጫ ውጪ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ የጾታ ብቻ ሳይሆን የሀብትም ነበር። 1918 ላይ ስንደርስ ይህ ነገር ተመልሶ ይመጣል።

ትግሉ መቼ ተጀመረ?

ብዙ ሰው ከ1900 በኋላ የተጀመረ ይመስለዋል። አይደለም። በ1832 የወጣው የምርጫ ሕግ መራጭ ማለት “ወንድ” ነው ብሎ በግልጽ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሜሪ ስሚዝ የተባለች ሴት ግብር የምትከፍል ሆና ለምን እንደማትመርጥ ጠይቃ ለፓርላማ አቤቱታ አስገባች። የሰማት የለም።

ትልቁ ጅማሬ በ1866 ነው። 1,499 ሴቶች የፈረሙበት አቤቱታ ተዘጋጀ። ኤሚሊ ዴቪስና ኤልሳቤት ጋሬት የተባሉ ሁለት ወጣቶች ተሸክመውት ወደ ፓርላማው ሄዱ። ጥቅሉ ትልቅ ስለነበር የሰው ዓይን በዛባቸው። አዳራሹ ውስጥ ፖም የምትሸጥ ሴት ነበረች። አቤቱታውን የሚቀበላቸው የፓርላማ አባል እስኪመጣ ከእሷ ጠረጴዛ ሥር ደበቁት። ሰውዬው ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሚል በሕጉ ውስጥ “ወንድ” የሚለው “ሰው” በሚለው ይተካ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። 73 የፓርላማ አባላት ደገፉት። ተሸነፈ፤ ግን 73 ድምፅ ማንም ያልጠበቀው ነበር።

የእነዚህን ሁለት ወጣቶች ስም ያዙልኝ። እንደገና እንገናኛቸዋለን።

ተቃዋሚዎቹ ምን ይሉ ነበር?

ሴት ስሜታዊ ናት፣ ፖለቲካ ቤቷን ያስረሳታል፣ ባሏ ስለመረጠ እሷም እንደመረጠች ይቆጠራል ይሉ ነበር። አገርን በጦር የሚጠብቀው ወንድ ስለሆነ የአገር ጉዳይም የወንድ ነው የሚለውም ክርክር ብዙ ደጋፊ ነበረው። የሚገርመው ከተቃዋሚዎቹ መካከል ስመ ጥር ሴቶችም ነበሩ። ደራሲዋ ሜሪ ዋርድ ሴቶች እንዳይመርጡ የሚከራከር ማኅበር በ1908 ሲቋቋም ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። ንግሥት ቪክቶሪያም በሕይወት ሳለች ጉዳዩን አጥብቃ ትጠላው ነበር።

ሰፍራጂስቶችና ሰፍራጄቶች አንድ ናቸው?

ዓላማቸው አንድ ነው፤ መንገዳቸው ተለያየ።

ሰፍራጂስቶች በሕግ መንገድ የሄዱት ናቸው። አቤቱታ ያሰባስባሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ የፓርላማ አባላትን ያግባባሉ። ትልቁ ኅብረታቸው በ1897 ተመሠረተ፤ መሪያቸው ሚሊሰንት ፎሴት ነበረች። እስከ 1914 ድረስ አባሎቻቸው ከ50,000 አልፈዋል።

ሰፍራጄቶች ደግሞ ትዕግሥታቸው ያለቀው ናቸው። ኤመሊን ፓንክረስት ጥቅምት 10 ቀን 1903 ማንቸስተር በሚገኘው ቤቷ ሴቶችን ሰብስባ አዲስ ማኅበር መሠረተች። መፈክራቸው “ተግባር እንጂ ወሬ አይደለም” የሚል ነበር። ልጆቿ ክሪስታቤል፣ ሲልቪያና አዴላ ከጎኗ ተሰለፉ። ኤመሊን ፍርድ ቤት ቀርባ ስትከራከር፣ እዚህ የቆምነው ሕግ ለመጣስ ብለን አይደለም፣ ሕግ አውጪ ለመሆን ስንታገል ነው ብላ ነበር።

ቁጥራቸው ከሰፍራጂስቶቹ ያነሰ ነው። ስማቸው የገነነው ግን የእነሱ ነው።

በ1905 ማንቸስተር ላይ ምን ተፈጠረ?

የፖለቲካ ስብሰባ ነበር። ተናጋሪው የሊበራል ፓርቲው ታዋቂ ፖለቲከኛ ኤድዋርድ ግሬይ ነው። ክሪስታቤልና አኒ ኬኒ የተባለች የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ሕዝቡ መካከል ተቀምጠዋል። አኒ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ፋብሪካ የሠራች ልጅ ናት። ተነስታ “ሊበራሎች ሥልጣን ብትይዙ ለሴቶች የመምረጥ መብት ትሰጣላችሁ ወይ?” ብላ ጠየቀች። ዝም አሏት። ደግማ ጠየቀች። ጎትተው አስወጧቸው። ውጪ ክሪስታቤል ፖሊስ ላይ ተፋች፤ እንድትታሰር ፈልጋ ነው ያደረገችው። ቅጣቱን በገንዘብ ክፈሉ ሲባሉ ሁለቱም እምቢ አሉ። ክሪስታቤል ሰባት ቀን፣ አኒ ሦስት ቀን ታሰሩ።

ነጋ፣ ጋዜጣው ሁሉ ስለ እነሱ አወራ። አርባ ዓመት ሙሉ በጨዋ ደንብ የቀረበ አቤቱታ ያላገኘውን ትኩረት አንድ ጥያቄና አንድ ሌሊት አመጡት።

ድምፃቸውን ለማሰማት ምን ምን ዘዴ ተጠቀሙ?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ደስ ይለኛል። ሰው ስለ ድንጋይና እሳቱ ብቻ ነው የሚያወራው፤ የእነዚህ ሴቶች ብልሃት ግን ማለቂያ አልነበረውም።

ሰኔ 21 ቀን 1908 ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ ከየአቅጣጫው ሰባት ሰልፍ አስገቡ። ወይን ጠጅ፣ ነጭና አረንጓዴ የማኅበራቸው ቀለም ነበር፤ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው፣ በእነዚህ ቀለሞች አጊጠው ወጡ። በሩብ ሚሊዮን የሚገመት ሰው ተሰበሰበ ተባለ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ሙሪየል ማተርስ የተባለች አውስትራሊያዊትና ጓደኛዋ ፓርላማ ገቡ። ሴቶች ክርክሩን የሚያዩት ከላይ፣ ከከባድ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ ራሳቸውን በሰንሰለት ፍርግርጉ ላይ ቆለፉ። ሙሪየልም ወደ ታች መናገር ጀመረች። ዘበኞቹ ቁልፉን መክፈት አቃታቸው። ያላቸው አማራጭ ብረቱን ከነሴቶቹ ነቅሎ ማውጣት ብቻ ነበር። ሙሪየል ያደገችበት ደቡብ አውስትራሊያ ለሴቶች መብቱን የሰጠው በ1894 ነው። ማለትም በአገሯ ያለውን መብት እንግሊዞቹ ሴቶችም እንዲያገኙ ነው ራሷን ያሰረችው።

በየካቲት 1909 ሁለት ሴቶች ራሳቸውን በፖስታ ላኩ። የዚያን ጊዜ የፖስታ ደንብ ሰውንም በመልእክተኛ ማድረስ ይፈቅድ ነበር። ፖስታ ቤት ሄደው ከፈሉ፤ አድራሻው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ነበር። የቴሌግራም አድራሽ ልጅ ይዟቸው ሄደ። ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ ግን አልተቀበላቸውም፤ ወደ ላኪያቸው ተመለሱ።

“ድምፅ ካልሰጣችሁን ግብር አንከፍልም” ያሉም ነበሩ። ከእነሱ አንዷ የህንድ ፑንጃብ የመጨረሻው ንጉሥ ልጅ ልዕልት ሶፊያ ዱሊፕ ሲንግ ናት። ባለሥልጣናቱ ጌጧን ወስደው በጨረታ ሸጡት።

በ1911 የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ብዙዎች “ሰው ካልሆንን አትቁጠሩን” ብለው ከቤታቸው ወጥተው አደሩ። ኤሚሊ ዴቪሰን የተባለች ሰፍራጄት (ከኤሚሊ ዴቪስ ሌላ ናት) ፓርላማው ሕንፃ ውስጥ ካለው የጸሎት ቤት ቁም ሣጥን ገብታ አደረች። በዚያ ሌሊት የነበረችበት ቦታ ፓርላማው ነው ብላ ለማስመዝገብ ነው።

ኢዲት ጋሩድ የተባለች አጭር ሴት ደግሞ ጁጂትሱ የተባለው የጃፓን የትግል ስልት አስተማሪ ነበረች። ኤመሊን ፓንክረስትን ከፖሊስ የሚጠብቁትን ሴቶች ያሠለጠነችው እሷ ናት።

“ጥቁሩ ዓርብ” የሚባለው ምንድን ነው?

ኅዳር 18 ቀን 1910 ነው። ለተወሰኑ ሴቶች መብት ይሰጥ የነበረው ረቂቅ ሕግ ሊጣል መሆኑ ታወቀ። 300 ያህል ሴቶች ወደ ፓርላማ ሄዱ። ፖሊሶች ለስድስት ሰዓት ያህል ደበደቧቸው፣ ጣሏቸው፣ ብዙዎቹንም በአስነዋሪ መንገድ ነካኳቸው። ከመቶ በላይ ሰው ታሰረ። በነጋታው አብዛኞቹ ያለክስ ተለቀቁ። ሴቶቹ ምርመራ ይደረግ ቢሉም የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል አልፈቀደም።

ከፊት ከነበሩት አንዷ የ74 ዓመት አሮጊት ነበረች። ኤልሳቤት ጋሬት ናት። በ1866 አቤቱታውን ከፖም ሻጯ ጠረጴዛ ሥር የደበቀችው ያቺው ሴት። በመሐል በእንግሊዝ የመጀመሪያዋ የሠለጠነች ሴት ሐኪም ሆናለች፣ አግብታ ወልዳለች፣ ከንቲባም ሆናለች። ከ44 ዓመት በኋላ ለዚያው ጥያቄ እዚያው በር ላይ ቆመች።

ቤት ማቃጠልና መስተዋት መስበሩ እውነት ነው?

አዎ። መሸፋፈን አያስፈልግም። በመጋቢት 1912 በለንደን ታላላቅ የገበያ መንገዶች የመደብሮችን መስተዋት በመዶሻ አረገፉ። የፖስታ ሣጥን ውስጥ ኬሚካል ጨመሩ። ባዶ ቤቶችን አቃጠሉ። በ1913 ለገንዘብ ሚኒስትሩ ለሎይድ ጆርጅ የሚሠራ ቤት በቦምብ ተመታ። በ1914 ሜሪ ሪቻርድሰን ብሔራዊ ጋለሪ ገብታ የቬላስኬዝን ሥዕል በስለት ቆራረጠችው።

ዕቅዳቸው ንብረት እንጂ ሕይወት እንዳይጠፋ ነበር። ሆኖም ደብዳቤ ውስጥ በገባው ኬሚካል የተቃጠሉ ፖስተኞች አሉ። ፖስተኛው ምን አጠፋ? በዚህ ላይ እነሱን ለመከላከል አልሞክርም።

እዚህ ያደረሳቸውን ግን ማወቅ ይገባል። ረቂቅ ሕግ ይቀርባል፣ ድጋፍ ያገኛል፣ ከዚያ መንግሥት ጊዜ የለኝም ብሎ ይጥለዋል። ይኸው ነገር ተደጋገመ። ሰላማዊው ሰልፍ በዱላ ተመለሰ።

እስር ቤት ውስጥ ምን ደረሰባቸው?

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ይህ ነው።

በሐምሌ 1909 ሜሪየን ዋላስ ደንሎፕ የተባለች ሠዓሊ ታሰረች። ፓርላማው ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ስላተመች ነው። እንደ ፖለቲካ እስረኛ ቁጠሩኝ ብላ ምግብ አልበላም አለች። ከ91 ሰዓት በኋላ ለቀቋት። ሌሎቹም ተከተሏት። መንግሥት ሁሉንም እየለቀቀ መኖር አልፈለገም። ከመስከረም 1909 ጀምሮ በግድ መመገብ ተጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴት ጠባቂዎች እስረኛዋን እጅ እግሯን ይይዛሉ። ሐኪሙ የጎማ ቱቦ በአፍንጫዋ ወይም በጉሮሮዋ እስከ ጨጓራዋ ይሰድዳል። ጥርሷን ከገጠመች በብረት ይፈለቅቁታል። ከዚያ ወተትና እንቁላል የመሰለ ነገር በፈሳሽ ይሞሉባታል። አብዛኛውን ጊዜ ያስመልሳታል። በነጋታው ይደገማል።

የኮንስታንስ ሊተንን ታሪክ ሳልናገር አላልፍም። አባቷ በህንድ የእንግሊዝ እንደራሴ የነበረ መኳንንት ነው። በ1909 ታስራ የረሃብ አድማ ስታደርግ ሐኪሞች መጥተው ልቧን መረመሩ። ልብሽ ደካማ ነው ተብላ ተለቀቀች። አብረዋት የታሰሩት ተራ ሴቶች ግን በግድ ተመገቡ። ይህ አላስተኛትም።

በጥር 1910 ሊቨርፑል ሄደች። ፀጉሯን ቆረጠች፣ ርካሽ ኮትና መነጽር ገዛች፣ ስሜ ጄን ዋርተን ነው፣ ልብስ ሰፊ ነኝ አለች። ታሰረች። የረሃብ አድማውንም ቀጠለች። በዚህ ጊዜ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ልቧን የመረመረ ሐኪም አልነበረም። ስምንት ጊዜ በግድ መገቧት። መጀመሪያ ቀን ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ ጉንጯን በጥፊ ነካት። ማንነቷ ሲታወቅ በጥድፊያ ለቀቋት።

አንዲት ሴት፣ አንድ ልብ። የመኳንንት ልጅ ስትሆን ደካማ ልብ አላት፤ ልብስ ሰፊ ስትሆን የላትም። መንግሥትን በዚህን ያህል ያጋለጠ ሌላ ነገር ያለ አይመስለኝም። እሷ ግን ዋጋ ከፈለች። በ1912 ስትሮክ መቷት ቀኝ እጇ ሽባ ሆነ። በግራ እጇ መጻፍ ለመደች፣ ትግሉንም በጽሑፍ ቀጠለች። በ1923 ሞተች።

“የድመትና የአይጥ ሕግ”ስ?

በግድ መመገቡ ሕዝቡን ሲያስቆጣ በ1913 የወጣ ሕግ ነው። የረሃብ አድማ ያደረገችን እስረኛ ልትሞት ስትል ይለቅቋታል። ቤቷ ሄዳ ትንሽ ስታገግም መልሰው ይይዟታል። ድመት አይጥን ለቀቅ አድርጋ እንደምትይዘው ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው። ሲልቪያ በዚህ ሕግ ደጋግማ ተመላልሳለች። ምግብ ብቻ ሳይሆን ውኃና እንቅልፍም እምቢ ብላ በክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ታድር ነበር።

ኤሚሊ ዴቪሰን ፈረሱ ሥር የገባችው ራሷን ለመግደል ነው?

ሰኔ 4 ቀን 1913፣ ኤፕሰም፣ የደርቢ የፈረስ ውድድር። ኤሚሊ ከአጥሩ ሥር ሾልካ ወደ መሮጫው ገባች። አንመር የተባለው የንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ፈረስ በሙሉ ፍጥነት መታት። ከአራት ቀን በኋላ ሰኔ 8 ሞተች። ፈረሰኛው ሄርበርት ጆንስ ተጎድቶ ተረፈ። ነገሩ በፊልም ተቀርጿል፤ ዛሬም ይታያል።

ቦርሳዋ ውስጥ የመመለሻ የባቡር ቲኬት ተገኘ። ይህ ልትሞት አላሰበችም ለሚሉት ማስረጃ ነው። በዚያን ቀን የሚሸጠው የደርሶ መልስ ቲኬት ብቻ ስለነበር ምንም አያረጋግጥም የሚሉም አሉ። ፊልሙን በቅርብ የመረመሩት የማኅበሩን ቀለማት የያዘ ሻሽ ወይም ጨርቅ ፈረሱ ላይ ልታስር ነበር ይላሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ይኸኛው ነው። አደጋውን ግን ታውቀው ነበር፤ ከዚያ በፊትም እስር ቤት ውስጥ ከፎቅ ደረጃ ራሷን ወርውራለች።

የደገፉ ወንዶች ነበሩ?

ነበሩ። የሌበር ፓርቲ መሥራች ኪየር ሃርዲ በፓርላማ ተከራክሮላቸዋል። ፍሬድሪክ ፔቲክ ሎውረንስ ታስሮ በግድ ተመግቧል። ጆርጅ ላንስበሪ በ1912 በዚሁ ጉዳይ የፓርላማ ወንበሩን ለቅቆ በገዛ ወረዳው እንደገና ተወዳደረ። ተሸነፈም።

የሀብታም ሴቶች ትግል ብቻ ነበር የሚባለውስ?

ይህ ትችት እውነትም ስህተትም አለበት። ከመሪዎቹ ብዙዎቹ የተማሩና የደላቸው ነበሩ። አኒ ኬኒን የመሰሉ የፋብሪካ ሴቶች ግን ከመጀመሪያው አሉ።

ሲልቪያ ከእናቷና ከእህቷ የተጣላችው በዚህ ነው። እሷ ወደ ምሥራቅ ለንደን ወረደች፤ የወደብ ሠራተኛ፣ የብሩሽና የልብስ ፋብሪካ ሴቶች ሰፈር። መብቱ ለእነዚህ ሴቶችም ካልሆነ ምን ያደርጋል ነው ያለችው። ክሪስታቤል ያንቺ የድሆች ማኅበር አይጠቅመንም ብላ በጥር 1914 ከማኅበሩ አስወጣቻት። ሲልቪያ የራሷን ጋዜጣ ጀመረች። በሰኔ ወር ከእስር እንደተለቀቀች፣ በረሃብ የደከመ ሰውነቷን በቃሬዛ አስይዛ ፓርላማው በር ላይ ተኛች። አስኲዝ የምሥራቅ ለንደን ሴቶችን ካላነጋገረ እዚሁ እሞታለሁ አለች። አስኲዝ ስድስት ሠራተኛ ሴቶችን ተቀብሎ አነጋገረ።

ጦርነቱ ሲመጣስ?

በነሐሴ 1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ኤመሊንና ክሪስታቤል ትግሉን አቁመው ከመንግሥት ጎን ተሰለፉ፤ መንግሥትም እስረኞቹን ፈታ። ሲልቪያ ጦርነቱን ተቃወመች። ሰፈሯ ውስጥ በርካሽ የሚበላበት ምግብ ቤትና የአሻንጉሊት ፋብሪካ ከፈተች። አንድ መጠጥ ቤት ተከራይታም የሕፃናት መዋያ አደረገችው። የእናትና የልጅ መንገድ በዚህ ተለያየ፤ ከዚያም በኋላ አልታረቁም።

ታዲያ መብቱን መቼ አገኙ?

በሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው የካቲት 6 ቀን 1918። ዕድሜያቸው 30 የሞላና የንብረት፣ የባል ወይም የትምህርት መስፈርቱን የሚያሟሉ 8.4 ሚሊዮን ሴቶች እንዲመርጡ ተፈቀደ። ወንዶች ግን ሀብታም ድሃ ሳይባል ከ21 ዓመታቸው ጀምሮ መረጡ።

ልዩነቱ ለምን አስፈለገ? ጦርነቱ ብዙ ወንድ ስለፈጀ፣ እኩል ቢሰጥ ሴት መራጮች ይበልጣሉ ተብሎ ተፈርቶ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የጥይት ፋብሪካ ስትሠራ የኖረችው የ22 ዓመት ልጅ፣ ቤት የሌላት የሠላሳ አምስት ዓመት ሠራተኛ፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ፣ ሁሉም ውጪ ቀሩ። ሲልቪያ ይመጣል ብላ የፈራችው ይህንኑ ነበር።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጡ ኤሚሊ ዴቪስ 88 ዓመቷ ነበር። ሄዳ መረጠች። አቤቱታውን አብራት የተሸከመችው ኤልሳቤት ጋሬት ግን በታኅሣሥ 1917 ሞታለች። ሕጉ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው።

ሁለተኛው በሐምሌ 1928 ነው። ከ21 ዓመት ጀምሮ ሴትና ወንድ እኩል ሆኑ። አምስት ሚሊዮን ሴቶች ተጨመሩ። ኤመሊን ፓንክረስት ከሕጉ ጥቂት ሳምንት ቀድማ ሰኔ 14 ሞተች። ሚሊሰንት ፎሴት ግን በ81 ዓመቷ ፓርላማ ተቀምጣ ውሳኔውን አየች። በ1867 ሚል ያንን ንግግር ሲያደርግም እዚያው ተቀምጣ ሰምታዋለች። 61 ዓመት።

ድንጋይና እሳቱ ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ጎዳ የሚሉት፣ የሚያመነታውን ፖለቲከኛ ምክንያት ሰጠው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ከ1912 በኋላ ድጋፋቸውን ያነሱ የፓርላማ አባላት ነበሩ። ጠቀመ የሚሉት፣ ሰፍራጄቶች ባይኖሩ ጉዳዩ ተረስቶ ይቀር ነበር ይላሉ።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ከ1905 በፊት የነበረው ጨዋነት ብቻውን አላሸነፈም። ከ1912 በኋላ የነበረው እሳትም ብቻውን አላሸነፈም። በጦርነቱ ወቅት መንግሥት የምርጫ ሕጉን ለመለወጥ ሲገደድ፣ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለው የተደራደሩት የፎሴት ሰዎች ናቸው። መንግሥትን የሚያስፈራው ደግሞ ሰፍራጄቶች ነገ ተመልሰው ይመጣሉ የሚለው ሐሳብ ነበር። አንዱን ለማክበር ሌላውን ማንኳሰስ አያስፈልግም።

ለሴቶች መብቱን በመስጠት እንግሊዝ የመጀመሪያዋ ናት?

አይደለችም። ኒው ዚላንድ በ1893 ቀድማለች። ኬት ሼፐርድና ጓደኞቿ 32,000 የሚጠጋ ፊርማ አሰባስበው፣ ወረቀቱን አጣብቀው፣ ጠቅልለው ፓርላማው ወለል ላይ አስዘረጉት። ፊንላንድ በ1906፣ ኖርዌይ በ1913 ተከተሉ። አሜሪካ በ1920፣ ስዊዘርላንድ ደግሞ በ1971 ነው፤ ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል።

ሲልቪያ ከኢትዮጵያ ጋር እንዴት ተገናኘች?

ፋሺዝምን ቀድማ ከተቃወሙት እንግሊዛውያን አንዷ ናት። በግንቦት 1936፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን፣ “ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮፒያ ኒውስ” የተባለ ጋዜጣ ጀመረች። ሃያ ዓመት ሙሉ አወጣችው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን ሲደርሱ ከተቀበሏቸው መካከል ነበረች። ከነፃነት በኋላም እንግሊዝ ራሷ በኢትዮጵያ ላይ እጇን እንዳታስረዝም ከአገሯ መንግሥት ጋር ተሟግታለች። በልዕልት ፀሐይ ስም ለተሠራው ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰበች።

በ1956 ከልጇ ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ መጥታ ኖረች። “ኢትዮፒያ ኦብዘርቨር” የተባለ መጽሔትም አዘጋጀች። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት አረፈች። የክብር ቀብር ተደርጎላት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከአርበኞች ጋር ተቀበረች። ልጇ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ የታገሉትም እሳቸው ናቸው።

በምሥራቅ ለንደን ያየችው ነገር እዚህ ድረስ እንዳመጣት አምናለሁ። ትልቁ ትንሹን ዝም በል ሲለው መታገሥ አትችልም ነበር።

በኢትዮጵያስ ሴቶች መቼ መምረጥ ጀመሩ?

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜያቸው 21 ለሞላ ወንዶችም ሴቶችም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመምረጥ መብት ሰጠ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1957 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ተካሄደ። ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው አሸነፉ፤ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስደው ታስረው የነበሩ፣ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ሲመረጡ ሲልቪያ አዲስ አበባ ትኖር ነበር።

እንግሊዝ ያለን ሰዎች ምን ማየት እንችላለን?

ማንቸስተር ውስጥ ኔልሰን ስትሪት ላይ ማኅበሩ የተመሠረተበት ቤት አለ፤ ዛሬ የፓንክረስት ማዕከል ተብሎ ለጎብኚ ክፍት ነው። በዚያው ከተማ ሴንት ፒተርስ አደባባይ የኤመሊን ሐውልት ከ2018 ጀምሮ ቆሟል። ለንደን ላይ ደግሞ ሌላ የኤመሊን ሐውልት ከፓርላማው ጎን ባለው መናፈሻ ታገኛላችሁ። ፓርላማው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ሚሊሰንት ፎሴት አለች። በ2018 እሷ እስክትቆም ድረስ በዚያ አደባባይ የነበረው የወንድ ሐውልት ብቻ ነው። ከሥሯ የሌሎች ታጋዮች ምስልና ስም ተቀርጿል፤ የሲልቪያንም ፈልጉት። ፓርላማው ውስጥ ለመግባት ከቻላችሁ ሙሪየል ማተርስ ራሷን የቆለፈችበትን ፍርግርግ ጠይቁ። በ1917 ከሴቶቹ መቀመጫ ተነስቶ ዛሬ በመካከለኛው አዳራሽ መስኮቶች ላይ ነው።